የተኛ ሰው እግር አይነካም

…ስኳሩ አልሟሟ አለ፣ ማማሰል ነው፣ ዝም ብሎ ማማሰል፣ እርጎው ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው፣ ታይ፣ ታላቅ እህቴ፣ መታጠቢያ ቤት ናት፣ ውኃው ከጣሳው ወለሉ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል፣ ዛሬ ፈተና አለባት፣ ባባ፣ አባታችን፣ ሞተዋል። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱም ዛሬ ነው።

ሻይ ልሰጣቸው ገብቼ ነው ያወቅኩት። ባባ ብዬ ጠራሁ፣ ቀስ ብዬ፣ እኔ ሁልጊዜ ቀስ ብዬ ነው የምጠራው፣ ድምፅሽን ለማን ቆጥበሽ ነው ኬታኪ ይሉኝ ነበር፣ ደግሜ ጠራሁ፣ ትከሻቸውን ነካሁ፣ ከዚያ ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጠብ ሳይል። ፊልም ላይ ብርጭቆ ይወድቃል። የኔ አልወደቀም። ዓይናቸው ተከድኗል፣ እኔ አይደለሁም የከደንኩት፣ ራሳቸው ናቸው፣ እጃቸው ትኬት መብሻው አጠገብ ነው፣ ቀዝቅዟል፣ እጃቸውም፣ መብሻውም።

ሰው የሞተበት ቤት እሳት አይነድም። እናታችን የሞተች ጊዜ ጎረቤት ነው ያበላን። እኔ ግን ምድጃውን ሳላውቅ ለኩሼዋለሁ፣ ካወቅኩም በኋላ አላጠፋሁትም፣ ካጠፋሁት ታይ ምን ሆነሽ ነው ትለኛለች፣ ሻይዋን ትፈልጋለች፣ ለትልቅ ጉዳይ የሚወጣ ሰው ደግሞ ደጃፍ ላይ እርጎ በስኳር ይቀምሳል፣ እንዲቀናው፣ ሬሳ ያለበት ቤት ይህ ይደረጋል ወይ፣ ማንን ልጠይቅ፣ እንዲህ ያለውን የምጠይቀው ባባን ነበር።

ኬታኪ! ፎጣዬን!

መጣሁ። በበሩ ክፍተት እጇን ትዘረጋለች፣ እርጥብ ነው፣ ጣቶቿ ጣቶቼን ነኩ፣ ሙቀት አለው፣ ለካ እጅ እንዲህ ይሞቃል። ምነው ቀዘቀዝሽ? እርጎውን ይዤ ነው። ኧረ በይ፣ ሻዩ እንዳይገነፍል።

እነግራታለሁ። ስትወጣ እነግራታለሁ። አልነግራትም።

ሦስተኛ ሙከራዋ ነው። የማኔጅመንት ትምህርት ቤቶች መግቢያ ነው፣ አገር ምድሩ ይፈተነዋል፣ ሥራቸውን ለቀው ዓመቱን ሙሉ የሚያጠኑ አሉ፣ ታይ መልቀቅ አትችልም፣ ቀኑን ሙሉ ኢንሹራንስ ቢሮ ውስጥ የታመመ ሰው ወረቀት ስታገላብጥ ትውላለች፣ ይህ ይከፈለው፣ ይህ አይከፈለው፣ ስትሄድም ስትመጣም አውቶቡስ ላይ ቆማ ታጠናለች፣ ወረቀቱን በምሳ ዕቃዋ ክዳን ውስጥ አጥፋ ነው የምትይዘው፣ ቀመሩ ላይ ወጥ ፈሶበት ቢጫ ሆኗል፣ አለቃዋ ሺንዴ አንድ ቀን አዩዋት፣ እመቤት ማኔጀር፣ ወንበሬን መቼ ልልቀቅልሽ አሏት፣ ቢሮው በሙሉ ሳቀ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ቤት ስትገባ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ምን ሆንሽ ብላት ሽንኩርቱ ነው አለች። ቤት ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። ባለፈው ዓመት ደግሞ ዋዜማውን ቢሮ አስመሿት፣ ወር መዝጊያ ነው ተብሎ፣ በማግስቱ ኮምፒውተሩ ፊት አንቀላፋች፣ ስትነቃ የፈተናው አንዱ ክፍል ሰዓቱ አልቆ ተዘግቷል። የተዘጋ ክፍል አይከፈትም። እንደዚያ ነው ፈተናው።

ባባ ይህን ነገር ሲሰሙ በጣም ነው የወደዱት። የከተማ አውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበሩ፣ እግራቸው እስኪከዳቸው፣ ጡረታ ሲወጡ ቦርሳውን መለሱ፣ መብሻው ጠፋብኝ አሉ፣ መብሻው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ታይ ስትለማመድ ሰዓት ያዥዋ እሳቸው ናቸው፣ ጊዜው ሲያልቅ መብሻውን በአልጋው ብረት ላይ ቲክ ቲክ፣ ቀጣይ ፌርማታ! ባባ፣ በእናትዎ፣ አንዲት ጥያቄ ብቻ ቀረችኝ! አውቶቡስ ወደ ኋላ አይሄድም ልጄ፣ ያለፈ ፌርማታ አለፈ። ትበሳጫለች፣ እስክሪብቶዋን ትወረውራለች፣ እሳቸው ደግሞ ትኬት ያልቆረጣችሁ እያሉ ብርድ ልብሳቸው ውስጥ ይስቃሉ፣ እስኪያስላቸው ድረስ፣ እኔ ውኃ አመጣለሁ።

እኔም ሥራ አለኝ፣ ጠያቂዋ ነኝ። የመጀመሪያ ደረጃን ጨርሼ ነው ያቆምኩት፣ ባባን ማን ያንሳ ማን ያስተኛ ተብሎ፣ ታይ ሩጫዋን ስትጨርስ መልሳ ልታስገባኝ ቃል ገብታለች፣ ጥያቄዎቹን ባይገቡኝም አነብላታለሁ፣ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ፀጉሯን ስታበጥር። የማታውቂውን ዝለዪው ትለኛለች፣ ራሷን እየመከረች፣ የተሳሳተ መልስ ካለሽ ነጥብ ላይ ይቆርጣል፣ ዝም ካልሽ ግን አይቆርጥም። ዝምታ የማይቆርጥበት ፈተና! ለኔ የተሠራ ነው አልኩ፣ ባባ ሳቁ። አሁን ዝም ብያለሁ። ይቆርጥ እንደሆነ፣ አይቆርጥ እንደሆነ፣ መልሱ ከኋላው ገጽ ላይ የለም።

ብነግራት ትቀራለች። ትቀራለች፣ ምን ጥርጥር አለው፣ ሬሳቸውን በልማዳችን የሚያቃጥል ወንድ ልጅ የለም፣ እሷ ናት፣ ከዚያ አጎቴ ካሉበት ከተማ ከሳታራ ይመጣሉ፣ ከሳታራ መምጣት ምን ይፈጃል፣ ወላጅ ሲሞት ሠርግ ወይ በዓመቱ ውስጥ ይሆናል ወይ ሦስት ዓመት ይጠበቃል፣ ልማዱ እንዲህ ነው፣ አጎቴ ሦስት ዓመት የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፣ ለታይ ሙሽራ ከመረጡላት ቆይተዋል፣ በመካከል ባባ ብቻ ነበሩ የቆሙት፣ የተኙት ማለቴ ነው፣ ተኝተው ነበር የቆሙላት። ወንድሜ፣ ይህች ልጅ ትኬቷን ቆርጣለች፣ መድረሻዋ ሳትደርስ አላወርዳትም። ከዛሬ በኋላ እንዲህ የሚል ማን አለ? እኔ? አጎቴ ፊት? እኔ አጎቴ ፊት ስቆም ጣሪያ ነው የማየው።

ትናንት ማታ ውኃ ስሰጣቸው ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። አትቀስቅሺያት፣ ነገ መንገድ አለባት። እኔ መቼ ልቀስቅሳት አልኩ? ለምን እንደዚያ አሉኝ? ያውቁ ነበር? አትቀስቅሺያት።

እሺ ባባ።

ወጣች። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ቁልፍ የሌለውን፣ ብረት ያለበትን ከፈተናው በር ይመልሱታል፣ ጫማዋ ስስ ነጠላ ጫማ ነው፣ ወፍራም ሶል አይገባም፣ የመግቢያ ካርዷ ብርሃን በሚያሳልፍ ላስቲክ ውስጥ ነው። ኬታኪ ነይማ፣ ይቺን አውጪልኝ፣ አልወጣ አለችኝ፣ የአፍንጫ ጌጧን ነው፣ የእናታችን ነበር፣ ሳሙና አምጥቼ ጎንበስ አልኩ፣ ፊታችን ተቀራረበ፣ ትንፋሿ የጥርስ ሳሙና ይሸታል፣ እንዳታየኝ፣ አየችኝ።

ዓይንሽ ምን ሆኗል?

ሽንኩርቱ ነው።

ሳቋ መጣ፣ የራሷን ቃል አወቀችው፣ አንቺ ሌባ፣ እኔ ልፈተን አንቺ ታለቅሻለሽ? ጌጧ እጄ ላይ ቀረ። ሻዩን ጠጣች። ከተከለከለ እሳት ላይ የወረደ ሻይ ነው፣ ሳታውቅ ጠጣች፣ ኃጢአቱ የኔ ይሁን።

ባባ ተነሱ?

ተኝተዋል።

ውሸት አይደለም። ተኝተዋል። ሌሊቱን ሲያስሉ ነበር፣ አሁን ነው ጋደም ያሉት።

እግራቸውን ነክቼ ልሂድ።

ወደ መጋረጃው ሄደች። ይህን እንዴት ረሳሁት? ፈተና የሚሄድ ልጅ የአባቱን እግር ሳይነካ አይወጣም፣ እርጎውን አሰብኩ፣ እሳቱን አሰብኩ፣ ይህን አላሰብኩም፣ እግራቸው ከብርድ ልብሱ ወጥቷል፣ ጎንበስ ልትል ነው፣ ብትነካው ታውቃለች፣ እጇ ሙቅ ነው፣ ወዲያው ታውቃለች።

ታይ! የተኛ ሰው እግር አይነካም!

ከየት መጣ ይህ ድምፅ። ግድግዳው መለሰው። እሷም ደነገጠች፣ እጇን ሰበሰበች፣ እንዴ፣ ድምፅ አለሽ ለካ? ግን እውነቴን ነው፣ ታውቀዋለች፣ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፣ ተጋድሞ እግሩ የሚነካ የሞተ ሰው ብቻ ነው፣ በተኛ ሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ሞት መጥራት ነው። ጥሩ አስታወስሽኝ፣ ልጠራባቸው ነበር አለች፣ ጣቷን ነከሰች። መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ማራገቢያው ይሽከረከራል፣ ለትንኝ ብለው አያጠፉትም ነበር፣ የብርድ ልብሱን ጫፍ ያነሳል፣ ይጥላል፣ ያነሳል፣ ይጥላል፣ እሷ ትንፋሽ መስሏታል፣ ማራገቢያ ሆይ፣ እንዳታቆም። እጆቿን ገጠመች።

ባባ፣ መጣሁ።

እኛ ዘንድ ሄድኩ አይባልም። የሚወጣ ሰው መጣሁ ብሎ ነው የሚወጣው፣ እንዲመለስ። ባባ መጣሁ ሳይሉ ነው የወጡት።

ደጃፉ ላይ በማንኪያ አጎረስኳት። ኡፍ፣ ስኳሩን ሁሉ ገለበጥሽው እንዴ! ከንፈሯን በአውራ ጣቴ ጠረግኩላት፣ ጉንጬን ቆንጥጣኝ ወረደች። ከታች ጎረቤታችን ኩሱም አክስት ደጃፋቸውን ይጠርጋሉ፣ ምንም አያመልጣቸውም፣ የኔ ልጅ፣ ሰው ባል ያገባል፣ አንቺ በየዓመቱ ፈተና ልታገቢ ነው? ምን ላድርግ አክስቴ፣ ፈተና እኮ አማት የለውም! የኩሱም አክስት ሳቅ ደረጃውን ወጥቶ ቤታችን ገባ። ሳቅ እዚህ ቤት ገባ።

ሰገነቱ ላይ ነኝ። ባጃጁ ውስጥ እየገባች ነው፣ ሹሩባዋ ገና እርጥብ ነው፣ ቀሚሷን አርጥቦታል፣ አንድ ጊዜ ታይ ብል ትሰማኛለች፣ አሁን ድምፅ እንዳለኝ ሁለታችንም አውቀናል፣ ታይ፣ ሁለት ፊደል ነው፣ ግን የሚሄድ ሰው ከኋላው አይጠራም፣ መንገዱ ይበላሻል፣ እሷም ዞራ አታይም፣ ያስተማሩን ባባ ናቸው። አልዞረችም። ባጃጁ የመድኃኒት ቤቱን ጥግ ታጠፈ።

እሳቱን አጠፋሁ።

አሁን ይነካል። ጎንበስ እላለሁ፣ ግንባሬን እግራቸው ላይ፣ ድንጋይ ነው፣ ባባ፣ ለሷ ነው፣ የሷን ድርሻ ነው የነካሁት፣ የኔን በኋላ። አላለቅስም። ወለሉ ስስ ነው፣ ኩሱም አክስት ይሰማሉ፣ ከሰሙ ስልክ ያነሳሉ፣ የታይ ስልክ ገና እጇ ላይ ነው፣ ሁለት ሰዓት ሲሆን በሩ ላይ ይቀበሏታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ከዚያ እስክትጨርስ ድረስ ማንም አያገኛትም፣ ሞትም አያገኛትም። እስከዚያ እኔና ባባ ዝም ማለት ነው። ሁለታችንም እንችልበታለን።

ስትመለስ ይህ ደረጃ ሰው ሞልቶት ታገኛለች። ከጠዋት ጀምሮ አውቀሽ ነው? ትለኛለች። አዎ። እጄን ከአባቴ እግር ላይ አነሳሽው? አዎ ታይ። የሙት ቤት ሻይ አጠጣሽኝ? አዎ። ትጠላኝ ይሆናል፣ እዚህ መኝታ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛ ይሆናል፣ እኔን ትምህርት ቤት ማስገባቱም ይቅር ትል ይሆናል፣ አላውቅም፣ ያላወቅኩትን መልሻለሁ። ከተሳሳትኩ ካለኝ ላይ ይቆረጥ።

መብሻውን አነሳሁት። ይከብዳል። ብርጭቆው መስኮቱ ላይ ነው፣ የወተት ሻዩ ስልባቦት ይዟል፣ ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሄዳል፣ እየሄደ ነው፣ ባባ፣ ሰዓቱን እኔ እይዝልዎታለሁ፣ እስካሁን ደርሳለች፣ ሰልፉ ላይ ናት፣ ስልኳን እየሰጠች ነው፣ ጫማዋን እያዩ ነው፣ ግቢ ታይ፣ ግቢ፣ ረጅሟ ቀስት አሥራ ሁለቱ ላይ ወጣች።

ቲክ፣ በአልጋው ብረት ላይ። ቲክ።

ያለፈ ፌርማታ አለፈ። አሁን ይቻላል። አፌን እከፍታለሁ፣ ኩሱም አክስት፣ አልሰሙም፣ ይህ የድሮው ድምፄ ነው፣ ያኛው የት ሄደ፣ ደጃፍ ላይ ቆሜ ትንፋሽ እስባለሁ፣ ኩሱም አክስት፣ ኩሱም አክስት፣ ባባ—