አልዘጋም ያለው ውኃ ማጠጫ

ውኃ ማጠጫውን ማሽን ከቪዲዮ አይቼ፣ ማንንም ሳልለምን፣ ቧንቧው ላይ ራሴ ገጠምኩት። አፈር ውስጥ የሚሰካው መርፌ ድርቀት ሲሰማው በራሱ ይከፍታል፣ ሲርስ ይዘጋል። ዛሬ ግን አልዘጋ አለ። የመጀመሪያዎቹ የሰላጣ ችግኞቼ እየሰጠሙ ስልኬ «አፈሩ ደርቋል» ይለኛል። «አቁም» የሚለውን ደጋግሜ ብጫን «ኔትወርክ የለም» አለኝ።

«ቧንቧውን ዝጊው እንጂ!» አለች እናቴ ከበረንዳ።

«እጀታውን ነቅዬ ነው የገጠምኩት።»

«አዬ የኔ ኢንጂነር!»

«እማዬ፣ እዚህ የነበረው መርፌስ?»

«ያ ጭቃ የነካው? አጥቤ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። እንዳይበላሽብሽ ብዬ እኮ ነው።»

ሮጬ አምጥቼ ጭቃው ውስጥ ስሰካው ማሽኑ ጸጥ አለ። ችግኞቼ ግን ተነቅለው ወደ በሩ እየተንሳፈፉ ነበር። እናቴ አንዱን አነሳችና፣ «ይሄ ሰላጣ ነው አረም?» አለችኝ።

እኔም አላወቅኩም።