ጦጢት ስታስተረጉም

ቀጠሮው ለአራት ሰዓት ነበር። እናትየው ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ከትምህርት ቤቱ ቢሮ ደጃፍ፣ ለልጆች በተሠራች ዝቅተኛ ወንበር ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ከሆቴሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል ያስፈቀደችው ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው።

ከተጠራች ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ሥራዋ የሚጀምረው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ልጅቷን፣ በቁልምጫ ስሟ ጦጢትን፣ እንደተኛች ትታት ትወጣለች። አንድ ሰዓት ሲሆን ከአንሶላ ክምር ጀርባ ተደብቃ ትደውልላታለች። ጦጢት ተነስታ፣ ዳቦዋን ራሷ ቀብታ በልታ፣ በሩን ጎትታ ዘግታ ሁለት መታጠፊያ አልፋ ትምህርት ቤት ትደርሳለች። ስድስት ዓመቷ ነው። «ማንም ቢጠይቅሽ፣ የምትቀሰቅሰኝ አክስቴ ናት በይ» ተብላ ተመክራለች። አክስት የላትም።

ባለፈው ሳምንት ግን ጦጢት በመምህሯና በክፍሏ ልጆች ፊት ቆማ፣ ብቻዋን እንደምትነሳ ደረቷን ነፍታ አወራች። ለምን ትፈራለች? እናቷ በስደት የመጣችበት ይህ የባዕድ አገር ለእሷ አገሯ ነው። በአገሩ ቋንቋ ትስቃለች፤ በህልሟ እንኳ የምትጣላው በዚያ ቋንቋ ነው። መምህሯን ከሥጋ ዘመድ አትለያትም።

ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ አዘጋጅቶ ነበር፣ የአገር ልጅ። እናትየው ማን እንደሆነ ስትሰማ ክው አለች። እሱ ከሰማ ሳምንት ሳይሞላ አገር ቤት እናቷ ጆሮ ይደርሳል፤ ልጇን ብቻዋን ትታ ትወጣለች ተብሎ።

«እና ማን ሊያስተረጉምልሽ ነው?» አሏት ያን ቀን ሥራ ላይ እትዬ፣ አንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው አብረዋት የሚያጥፉት ትልቅ ሴት።

«ጦጢት አለችልኝ።»

«የስድስት ዓመት ጠበቃ ቀጥሬያለሁ በይኛ።»

«ምላሷ እሳት አይደል እንዴ? እኔ ገና ፊደል ከመቁጠር ፈቀቅ አላልኩም።»

እትዬ አልሳቁም። «ከወሬው የባሰ እንዳይመጣብሽ፣ ልጄ» አሉና አንሶላውን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እሷ ግን አስተርጓሚ ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ ከትምህርት ቤቱ በመጣው ወረቀት ላይ፣ በማታ ትምህርት የተማረቻትን «አልፈልግም» የምትል ቃል በእጇ ጽፋ መለሰች።

አራት ሰዓት ሲሆን የቢሮው በር ተከፈተ። ውስጥ መምህሯና ፋይል የያዘች የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ ነበሩ። ጦጢት ከክፍሏ ተጠርታ መጥታ በሁለቱ መካከል ተቀምጣለች። ሠራተኛዋ ጠየቀች።

«ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ ማን አለ ትላለች» አለች ጦጢት፣ እግሯን እያወዛወዘች።

«አክስቴ ትመጣለች በያት።»

«አክስት የለኝም እኮ።»

«በያት አልኩሽ፣ የኔ እናት።»

ጦጢት ተናገረች። ረዘም አለባት። መምህሯ አንገቷን ደፋች።

«ምን አልሻት?»

«ያልሽኝን ነዋ። እናቴ አክስቴ ትመጣለች በያት ብላኛለች፣ ግን አክስት የለኝም አልኳት። እዚህ ውሸት አይቻልም።»

እናትየው ልቆጣ ብትልም ልጅቷ ራሷ ያጠፋች አልመሰላትም፤ እንዲያውም ምስጋና ትጠብቃለች።

«እሺ። ሥራዬ በሌሊት ነው የሚጀምረው በያት። ሰዓት ቀይሩልኝ ብዬ ለምኛለሁ፣ እምቢ አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ ሳልደውልላት ቀርቼ አላውቅም በያት።»

«በዛብኝ፣ እማ። ቀስ በይ።»

ጦጢት «ሥራ»ን አገኘች፣ «ስልክ»ን አገኘች፤ የቀረው መሃል ላይ ጠፋባት። ልመና በዚያ ቋንቋ እንዴት እንደሚባል አታውቅም፤ ማንንም ለምና አታውቅማ።

ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት ከፋይሉ አወጣች። ለልጅቷ ፈገግ እያለች ቀስ ብላ አስረዳቻት።

«እማ፣ ዛሬ አንድ ቤት ልሄድ ነው። ሰፊ ግቢ አለው። ውሻም አላቸው።»

«የማን ቤት?»

«የሰዎች።»

«ለስንት ቀን?»

ጦጢት ጠየቀችላት። «እስኪጣራ ድረስ ትላለች።»

እናትየው ከወንበሯ ተነሳች። ወሬው ይውጣ፣ አገር ይስማ። «ያ ሰውዬ ይምጣልኝ በያት። አስተርጓሚው።»

ጦጢት ፊቷ ከፋ። «እኔ አለሁ አይደል? አልቻልኩም እንዴ?»

«ችለሻል። ችለሻል፣ የኔ እናት። ብቻ በያት።»

ተናገረች። ሠራተኛዋ ሰዓቷን አይታ መለሰች።

«እሱ ለሌላ ቀን ነው አለች።»

«ልጄን አትውሰጅብኝ በያት። ይህችን ብቻ ንገሪልኝ።»

ጦጢት እናቷን አየች፣ ከዚያ ሠራተኛዋን። ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረች። ሠራተኛዋ ጎንበስ ብላ መልሱን ለልጅቷ ሰጠቻት።

«ምን አለች?» አለች እናትየው።

«ጃኬትሽን ልበሺ አለችኝ።»