አየር ያገኙ ጠርሙሶች

ባልደረቦቿ ጭቃዋ የሚሏት ተመራማሪ የላብራቶሪውን በር ስትከፍት የለመደችው የተበላሸ እንቁላል ሽታ የለም። መጀመሪያ የደነገጠው አፍንጫዋ ነው። ጠርሙሶቿ መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል፤ የጎማ ክዳናቸው ወልቆ፣ ጥርስ ሐኪም ፊት እንደተቀመጠ ሰው አፋቸውን በርግደው።

ጭቃዋ ያሏት ያለ ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል የወጣ ጥቁር ጭቃ በጠርሙስ አሽጋ፣ ጋዝ እያበላች ስታሳድግ ዓመታት አልፈዋል። ጭቃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች አሉ። ከባሕር ሥር የሚወጣውን፣ እኛ ምድጃ የምንለኩስበትን ዓይነት ጋዝ ይበላሉ። የሚበሉበት እጅ ኢንዛይም ይባላል፤ ጋዙን ጨምድዶ ይይዝና ለሆዳቸው ያመቻቸዋል። ለዚያ እጅ አየር መጥረቢያ ነው። ግማቱም የማዕዳቸው ትርፍ ነው፤ ከሸተቱ አሉ ማለት ነው።

የላብራቶሪው አለቃ ከኋላዋ ብቅ አሉ። ከእሳቸው ቀድሞ ሽቷቸው ስለሚገባ ጋሽ ሽቶ ነው የሚባሉት። ክዳኑን የከፈትኩት እንግዶች እየመጡ ስለሆነ ግማቱ እንዳያሳፍረን፣ ፍጥረቶችሽም ትንሽ ይናፈሱ ብዬ ነው አሏት፤ ውለታ እንደዋለ ሰው ፈገግ ብለው።

"ጋሼ፣ ዓሣ ታፈነ ብለው ከውሃ ያወጣሉ?"

ፈገግታቸው መውረጃ አጣ። ምን ችግር አለ፣ ሌላ ታሳድጊያለሽ አሉ። ይሄኔ ደሟ ፈላ። እነሱ ሲያድጉ ላየ ኤሊ ፈረስ ናት! ጠርሙሱን አናታቸው ላይ ልታፈርጠው ዳዳት። ግን ሥር ያለው ጭቃ ገና አየር አልደረሰው ይሆናል፤ በጠብ የሚባክን ጊዜ የላትም።

"ይያዙ" አለችና አንዱን ጠርሙስ አስታቀፈቻቸው። አየሩን የሚያባርር ናይትሮጅን በቱቦ ለቀቀችበት፣ ጋዙ ታች ድረስ እንዲገባም ቱቦው ጫፍ ላይ ያለውን ረጅም መርፌ እስከ ሥሩ ሰደደች። ጭቃው ክራባታቸው ላይ ተፈናጠቀ። እንግዶቹ መጥተዋል እኮ ብለው ሊያጉረመርሙ አፋቸውን ሲከፍቱ፣

"አይተንፍሱበት!"

ጉንጫቸውን ነፍተው ትንፋሻቸውን ያዙ። በሩ ላይ የቆሙት እንግዶች ግራ ገባቸው። አንዷ ጠጋ ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀች፤ ጭቃዋም ጋዝ የሚበሉ የባሕር ፍጥረቶች ናቸው አለቻት፣ ቀና ሳትል።

"በሕይወት አሉ?"

"እስከ ትናንት ነበሩ። የዛሬውን ያናፈሷቸውን ሰውዬ ይጠይቋቸው።"

ሴትየዋ ወደ ጋሽ ሽቶ ዞረች። እሳቸው ፊታቸው ቲማቲም መስሎ፣ ትንፋሻቸውን እንደዋጡ፣ ጠርሙሱን ግጥም አድርገው ይዘዋል።