ጥቁር ያልለበሰችው ጊታር

«እንካ ኑሪ፣ ውሰድና ጥቁር ቀባልኝ» አሉ ጋሽ ገረመው፣ የሟች ወንድማቸውን ጊታር ከነሳጥኗ ከለቅሶው ድንኳን ጀርባ ለመኪና ቀቢው እያቀበሉት። «የሰልስቱ እንግዳ ሳይገባ ከዓይኔ ትጥፋ።»

ብሩክታይት ባልዲ ውሃ ይዛ ከጓሮ ስትወጣ ሰማች። ባልዲውን ዱብ አድርጋ አስቀመጠችው። አባቷ ገብረሃንስ ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ገረመው ደግሞ ሐዘኑን እንደ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ይመሩታል።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«አንቺ ዝም በይ! ቤቱ በሙሉ ከል ለብሶ እሷ ብቻ እንደ ሙሽራ ታብለጭልጭ? አንቺስ ቀሚስሽን ጥቁር አስነክረሽ የለም እንዴ?»

«የኔ ቀሚስ ጨርቅ ነው። እሷ ግን የአባቴ እጅ ናት።»

«እና የአዝማሪ ቤት ይበሉን?»

ይኸው! ነገሩ ለካ ወዲህ ነው። ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ የጻፉት እሳቸው ናቸው። «ታታሪ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ» ይላል፤ «ቅንና ትሑት» ይላል፤ ጊታር የሚል ቃል ግን ለመድኃኒት እንኳ አልተገኘበትም። ሠላሳ ዓመት ሸገርን ያስጨፈረ ሰው ፋይል ሲያገላብጥ ኖሮ እንደሞተ ተደርጎ አፈር ለበሰ። ብሩክታይትን ያን ቀን ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ሊገድላት ነበር።

ገብረሃንስ ጊታሯን ያገኛት በወጣትነቱ አሥመራ፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ አሜሪካዊ ወታደር ነው። የሠራት ፋብሪካ እንዲህ ያለውን ቀለም በልዩ ትእዛዝ ካልሆነ አይቀባም። ቀይ ሽንኩርት ሲላጥ ከውስጥ ብቅ የሚለው ዓይነት፣ ብርሃን ሲያርፍበት ደግሞ ብር የተነሰነሰበት የሚመስል። «ሽንኩርቴ» ይላት ነበር። በደርግ ጊዜ አንድ የቀበሌ ካድሬ መጥቶ «ለአብዮት በዓል ቀይ ቀባት» ሲለው፣ «ጓድ፣ እኔን ቀይ ልበስ በለኝ፣ እለብሳለሁ። እሷ ግን የተፈጠረችበት መልኳ ነው» ብሎ እምቢ አለ። ሁለት ወር ታሰረባት። ሲፈታ መጀመሪያ የሳመው እሷን ነው፤ የብሩክታይት እናት፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው።

ጠዋት መጋረጃ የሚከፍት ሰው ካለማ ጉድ ይፈላ ነበር። «ኧረ ዝጉት! ፀሐይ ይበላታል!» ብሎ ገብረሃንስ ይጮህ ነበር፤ ቀለሟ እንዳይለቅባት ነው። ጋሽ ገረመው ለጥየቃ በመጡ ቁጥር ይህን ጩኸት እየሰሙ «ሰው ለልጁ እንኳ እንዲህ አይሳሳም» እያሉ ይስቁበት ነበር።

ኑሪ ሳጥኑን ከፈተ። ጉርድ ሾላ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ ሃያ ዓመቱ ነው። ጣቱን ከጊታሯ ጎን ባለች አንዲት ጭረት ላይ አሳረፈ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«ጋሽ ገረመው፣ ይቅር ይበሉኝ። አልቀባም።»

«ምን አልክ?»

«ይሄ የድሮ የአሜሪካ መኪና ቀለም ነው። ገብረሃንስ ይቺን ጭረት ድፈንልኝ ብሎኝ ስድስት ጊዜ በጠበጥኩ፤ አልመጣልኝም። ‹ተወው ኑሪ፣ ከማይመስላት ቀለም ጠባሳዋ ይሻላታል› አለኝ። ዛሬ ሞተ ብዬ ጥቁር ልድፋባት? ወላሂ አላደርገውም!»

ብሩክታይት ሌላ ቃል አልጠበቀችም። ጊታሯን ከሳጥኑ አንስታ፣ በደረቷ አቅፋ፣ በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ገባች። የእድሩ ሽማግሌዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ከአባቷ ፎቶግራፍ አጠገብ ባዶ ወንበር ስባ ጊታሯን አስደገፈቻት።

«እግዚኦ!» አለች ከለቀስተኛ ሴቶች አንዷ።

«ምን እግዚኦ ያስብላል?» አለች ብሩክታይት። «የአያቴ ለቅሶ ላይ ጠመንጃቸው ወጥቶ አልነበረም? ጋሼ ራሳቸው አይደሉ እንዴ ተሸክመው እየዞሩ ያስለቀሱበት? የአባቴ ጠመንጃ ይቺ ናት። ትውጣለት!»

ከላምበረት የተነሳ አውቶቡስ ጡሩንባውን እያስጮኸ አለፈ። ያኔ የሰፈሩ አልቃሽ እማማ ወለተማርያም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ፤ ነጠላቸውን አደገደጉ።

«ጠመንጃ የለውም ብላችሁ ስታሙ፣
በስድስት ክር ማርኳል ሳይፈስ የሰው ደሙ።»

ድንኳኑ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈነዳ። «ገብረሃንስዬ! ወይኔ ሽንኩርቴ!» ሦስት ቀን ሙሉ የተለቀሰው ለመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነበር። ገብረሃንስ ገና አሁን ተለቀሰለት።

ተከትለዋት መጥተው በሩ ላይ የቆሙት ጋሽ ገረመው በሰው መሃል እየሰነጠቁ መጡ። ብሩክታይት ወንበሩ ፊት ተገተረች።

«አይንኳት፣ ጋሼ! ዛሬ አልሰማዎትም!»

በድንኳኑ ቀዳዳ የገባ ፀሐይ ጊታሯ ላይ አርፎ ቀለሟ ቦግ ብሎ ነበር። ጋሽ ገረመው ጎንበስ አሉና፣ ወንበሩን ከነጊታሯ ቀስ አድርገው ወደ ጥላው ሳቡት።

«ፀሐይ ይበላታል» አሉ።