ያማረው ይቅርታ

ቋ፣ ቋ የሚል የተረከዝ ድምፅ የፍርድ ቤቱን ደረጃ ወረደ። ማመልከቻ ጸሐፊው ከመተየቢያው ቀና ሲል፣ ባለፈው ሳምንት ለታሰረው ወንድሟ የዕርቅ ወረቀት ያስጻፈችው ሴት ፊቱ ቆማለች።

«ተፈታልሽ እቴ?»

«ምን ይፈታል ጋሼ። ሥራ ላይ የያዘው ብረት ከእጁ አምልጦት እኮ ነው የሥራ ጓደኛውን ክንድ የሰበረው። ክንዱ የተሰበረው ሰውዬ ታርቆ፣ ምንም ያልሆነው ዐቃቤ ሕግ ያኮርፋል?»

«በወንጀል ከሳሹ መንግሥት ነው፤ ከባድ ጉዳት ከሆነ ተጎጂው ይቅር ቢልም ክሱ አይቀርም። ዋናው የልቡ ሐሳብ ነው። ካመለጠው ቸልተኝነት ነው፣ ቅጣቱ ይቀላል። ሆን ብሎ ከሆነ ግን የስንት ዓመት እስር ነው።»

የዕርቁን ወረቀት ቅጂ ዘረጋችለት። «ዛሬ ዐቃቤ ሕጉ ዳኛው ፊት ያነበበው ይህንኑ ነው።»

የራሱን ጽሑፍ አየ። የተጎጂው ልብ እንዲራራ ብሎ፣ ማንም ሳያዝዘው ይቅርታውን አሳምሮት ነበር፤ «በክፋት ተነሣሥቼ፣ ሆን ብዬ ጎድቼሃለሁ» ይላል። ከሥሩ የወንድሟ ፊርማ አለ።

«ቃሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ ብዬ እመሰክርልሻለሁ» አለ።

ወረቀቱን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ፊቷን አዙራበት ሄደች።