የዘይቱና ጉልበት

ዘይቱና የንጋቱን ሱብሒ ሰግዳ ሻይ ጣደችና የደም ማቅጠኛ ክኒኗን ዋጠች። ቀጥላም ልጇ ኢክላስ ለጉልበት ሕመሟ ከገዛችላት እንክብል ሁለት ወሰደች። ከጀመረች ስድስት ሳምንቷ ነው። ዓመት ሙሉ በሟች ባሏ በሁመድ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትሰግድ ኖራ፣ ካለፈው ጁምዓ ጀምሮ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ ማሳረፍ ችላለች።

እንክብሉን የጀመረችው በዋዛ አልነበረም። ሽፋኑ ከአሳማ የተሠራ እንዳይሆን ፈርታ ኢክላስን ሁለቴ ወደ ሱቁ አመላልሳታለች። ከዓሣ መሆኑ ሲነገራት እምነቷን ጣለችበት። ከዚያ ወዲያ የጠየቀችው ነገር የለም።

ሻዩ ሳይፈላ አስተማሪዋ ጎረቤቷ ትርንጎ ስኳር ፍለጋ ገባች። ዘይቱና እጅጌዋን ሰብስባ ኩባያ ስታጥብ አየቻት።

«ዘይቱዬ፣ ማነው የመታሽ?»

«ካንቺ ሌላ ማን ይደፍረኛል?»

«ቀልዱን ተይው። ክንድሽ እኮ በልዟል።»

ሦስት ቦታ በልዟል። ዘይቱና ትናንት ድዷ መድማቱ ትዝ አላት፤ በጥርስ ብሩሹ አሳብባ ነበር።

ትርንጎ ክርክሯን ሳትሰማ አብነት ሰፈር ወዳለው መድኃኒት ቤት ወሰደቻት። ማቅጠኛዋን ሁልጊዜ የሚሸጥላት ፋርማሲስቱ ሞቱማ የእንክብሉን ብልቃጥ አገላብጦ አነበበ።

«እትዬ ዘይቱና፣ ይሄ የማቅጠኛዎን ኃይል ሊጨምረው ይችላል። ለሐኪምዎ ነግረዋል?»

«ሱቁ ውስጥ መድኃኒት አይደለም ብለውን።»

«ሲገዛ ምን ጠየቃችሁ?»

«አሳማ አለበት ወይ ብለን ነዋ።»

ሞቱማ ፈገግ አለ። «ጥሩ ጠይቃችኋል። ከሌላ መድኃኒት ጋር ይስማማል ወይ የሚለውም ይጨመርበት። ይሄን ያቁሙ፤ ማቅጠኛውን ግን ያለ ሐኪም እንዳይነኩት። አሁኑኑ ሄደው ደምዎን ይመርመሩ።»

«ወደ ወንበሩ መመለሴ ነው?» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እሱንም ሐኪሙን ይጠይቁ።»

ደሟ ከሚገባው በላይ ቀጥኖ ተገኘ። ሐኪሙ የማቅጠኛውን መጠን አስተካከለላት፤ ለጉልበቷ ደግሞ በየቀኑ የምትሠራው እንቅስቃሴ አዘዘላት። አልጋዋ ላይ ተጋድማ እግሯን ቀጥ አድርጋ ታነሳለች፤ ትርንጎ ትቆጥራለች።

«አሥር።»

«ሰባት ነው። አስተማሪ ሆነሽ ታጭበረብሪያለሽ?»

ብልዙ ጠፋ። በሦስተኛው ወር፣ አንድ ጠዋት፣ ዘይቱና ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፋችው። በቀስታ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ምንጣፉ ላይ አሳረፈች። ከዚያም መዳፏን መሬት ላይ ተክላ ብቻዋን ተነሳች።

ድሮ ከስግደት ስትነሳ ሁመድ እጁን ይዘረጋላት ነበር። አሁን ያ እጅ የለም።