ፀጉር የምታህል ሽቦ

ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ ስልክ እጠግናለሁ። መርዋን እጁ ጥሩ ነው ይሉኛል። ምላሴ ግን ከእጄ ይፈጥናል፤ ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

እማማ ይታይሽ ከገጠር ስልካቸውን ያመጡልኝ ጥቅምት ላይ ነው። ቻርጅ አይገባለትም። ከፈትሁት፤ ከመሰኪያው ሥር ያለችው መከላከያ ቺፕ ተቃጥላለች። ሥራዋ ነው፤ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ሲመጣ እሷ ትሞትና ሌላው ይተርፋል። ምትኳ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ይፈጃል።

«ኧረ ሳምንት አልችልም ልጄ፣ ድምጿን ሳልሰማ አልውልም» አሉኝ።

ቺፗን ነቀልሁና በቦታዋ ፀጉር የምታህል ሽቦ በየድሁ። ጃምፐር እንለዋለን፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ኃይሉ ያልፋል፤ የሚከለክለው ግን የለም። ስልኩ በራ። እማማ እዚያው ቆመው የድምፅ መልእክት ከፈቱ። አምና የሞተችው ልጃቸው ትዕግስት ሆስፒታል ተኝታ በአዊኛ የላከችው ነው። የእኔ አዊኛ ከገበያ አያልፍም፤ ይችን ግን ሰማሁ። እማ፣ ዶሮዎቹ ገቡ? ትላለች።

«ገብተዋል ልጄ» ብለው መለሱላት።

ድምፁን ፍላሽ ላይ ልገለብጥላቸው እችል ነበር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን «እንደ አዲስ ሆኗል፣ አይስጉ» ብዬ ሸኘኋቸው።

ትናንት ተመልሰው መጡ። መንደሩ መብራት ጠፍቶ ስልኩን ወፍጮ ቤት ጄኔሬተር ላይ፣ በተውሶ ቻርጀር ሰክተውታል። ስከፍተው የተቃጠለ ሸተተኝ። የእኔ ሽቦ ምንም አልሆነችም፤ ከልክ ያለፈውን ኃይል አሳልፋዋለች። ከእሷ ወዲያ ያለው፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያውም ሚሞሪውም፣ ከስሏል። ግማሽ ቀን ታገልሁ።

«ድምጿስ?» አሉኝ።

«አልተገኘም፣ እማማ።»

የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ያዙ። «እኔው ነኝ ያቃጠልኋት። ወንድሜ ምንይችል፣ ወፍጮ ቤት አትሰኪው ብሎኝ ነበር። በገዛ እጄ!»

እርስዎ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አፈርሁ፤ ፈራሁም።

«ከእንግዲህ ወፍጮ ቤት አይሰኩ» አልኋቸው።

«እሺ ልጄ፣ አላወቅሁም። ደከምህ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ስልኩን በመሀረብ ቋጥረው ወደ ሚኒባሱ ሄዱ።

ሽቦዋን አስቀድሜ ነቅያታለሁ። ሌላ ጠጋኝ ቢከፍተው እንዳያያት።